የጠረጠረ ይናገር

በልጆች ላይ የሚደርስ ጥቃት ሲባል ብዙ ሰው ወዲያው የሚያስበው ድብደባንና አስገድዶ መድፈርን ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ይሰፋል። መምታት፣ ማቃጠል፣ ማሰር፣ በርበሬ ማጠን አካላዊ ጥቃት ነው። ዘወትር መስደብ፣ በሰው ፊት ማዋረድ፣ «እጥልሃለሁ» እያሉ ማስፈራራት የሥነ ልቦና ጥቃት ነው። የልጅን ገላ ለወሲብ መጠቀም፣ ሳይነኩትም ቢሆን የወሲብ ምስል ማሳየት ወይም ራቁቱን መቅረጽ ወሲባዊ ጥቃት ነው። ምግብ፣ ሕክምና፣ ትምህርትና ጥበቃ መስጠት እየቻሉ መንፈግ ደግሞ ቸልታ ይባላል። ቸልታ ጩኸት አያሰማም፤ ሰንበርም አይተውም። ስለዚህ ከሁሉም ዘግይቶ የሚታወቀው እሱ ነው፤ ጉዳቱ ግን ከሌሎቹ አያንስም።

ወላጆች ልጆቻቸውን «ከማታውቀው ሰው ከረሜላ እንዳትቀበል» እያሉ ያስጠነቅቃሉ። ምክሩ ጥሩ ነው፤ ይሁን እንጂ አደጋው በብዛት የሚመጣው ልጁ ከሚያውቀው፣ ቤተሰቡም ከሚያምነው ሰው ነው። ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አከራይ፣ አስጠኚ፣ የእንጀራ አባት፣ አንዳንዴም ወላጅ ራሱ ሊሆን ይችላል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ይፋ ወጥቶ አገሩን ሁሉ ያስቆጣው የባሕር ዳሩ ጉዳይ ይህንኑ ያሳያል። የ7 ዓመቷን ሕፃን ደፍሮ በመግደል 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው፣ ቤተሰቧ ተከራይቶ የሚኖርበት ቤት ባለቤት ነበር።

በድሬዳዋ ምዕራባዊ ጫፍ ያለችው መልካ ጀብዱ ለዚህ ጉዳይ ልዩ ትኩረት ከሚያስፈልጋቸው አካባቢዎች አንዷ ናት። ልጆቿ ከሌላው አገር ልጆች የከፋ ነገር ደርሶባቸዋል ለማለት አይደለም። ፋብሪካዎቹና የኢንዱስትሪ ፓርኩ የመንደሯን ኑሮ ለውጠውታል፤ ነሐሴ 2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የተከፈተው የአገሪቱ የመጀመሪያ የነፃ ንግድ ቀጠናም እዚያው ነው። ሥራ ባለበት ሰው ይመጣል፤ ሰው ሲበዛ የኪራይ ክፍል ይበዛል፤ ፈረቃ የምትገባ እናት ልጇን የምታስጠብቀው ትናንት በተዋወቀችው ጎረቤት ይሆናል። በቀደመው ኑሮ ልጅን ዓይኑ የማይለቀው የአያት፣ የአክስትና የአጎት ስብስብ በእንዲህ ያለ ሰፈር ይሳሳል። ድሬዳዋ መንገድ ላይ ያለች ከተማም ናት፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሐረርጌ ገጠሮች ወጥተው፣ አንዳንዶቹም ጅቡቲን አስበው፣ ብቻቸውን የሚመጡ ልጆች ያርፉባታል። ማደሪያና ሥራ የሚሰጣቸው ሰው ሁሉ ደግ አይደለም።

ምልክቶቹን መለየት የሚጀመረው ከገላ ነው። ሮጦ የሚጫወት ልጅ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ደግሞ የሚላጠው ፊት ለፊት ያለው አጥንት ነው። ጉልበት፣ ቅልጥም፣ ግንባር፣ ክርን። ጆሮ፣ ጉንጭ፣ አንገት፣ የላይኛው ክንድ የውስጥ ገጽ፣ ጀርባ፣ መቀመጫና ጭን ግን እንዲሁ በመውደቅ በቀላሉ አይጎዱም። እዚያ ላይ የሚታይ ሰንበር ጥያቄ ያስነሳል። ገና መዳህ ያልጀመረ ጨቅላ ላይ የሚታይ ሰንበርማ የትም ቦታ ቢሆን ያጠያይቃል፤ ራሱን ችሎ የማይንቀሳቀስ ሕፃን ራሱን አይጎዳምና። የቅርጹ ነገርም ይናገራል። የኤሌክትሪክ ገመድ ታጥፎ ሲመታበት እንደ ቀለበት የታጠፉ ጥንድ መስመሮች ይተዋል፤ ቀበቶ ወርዱንና የዘለበቱን ምልክት ያትማል፤ የአዋቂ ጥርስ ንክሻ ከልጅ ንክሻ ይሰፋል፤ በገመድ የታሰረ የእጅ አንጓ ዙሪያውን የተላጠ መስመር ይይዛል።

ቃጠሎም እንዲሁ ነው። ምድጃ ላይ የተጣደ ውኃ በድንገት የፈሰሰበት ልጅ ቁስሉ የተረጨ፣ ወደ ታች የወረደ፣ ጠርዙም የተዘበራረቀ ነው። እጁ ወይም እግሩ በኃይል ተይዞ የፈላ ውኃ ውስጥ የተነከረ ልጅ ግን ቁስሉ እንደ ካልሲ ወይም እንደ ጓንት አንድ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ርጭት የለውም። የሲጋራ ቃጠሎ ክብ፣ ጥልቅና መጠኑ እኩል ነው።

በጠይም ቆዳ ላይ ሰንበር በቀለሙ ቶሎ ስለማይለይ በቀን ብርሃን ማየት፣ እብጠቱንና ሙቀቱን በቀስታ መዳሰስ፣ ልጁ ሲነካ መሸማቀቁን ማስተዋል ያስፈልጋል። ጥንቃቄው በሌላም በኩል ነው። ብዙ ሕፃናት ከተወለዱ ጀምሮ ወገባቸውና መቀመጫቸው ላይ ሰማያዊ ወይም ግራጫ የሚመስል ጥላ አላቸው፤ አይጠዘጥዝም፣ አያብጥም፣ ከዕድገት ጋር ይጠፋል። ዋግምት የተደረገለት ልጅ ገላው ላይ ክብ ምልክቶች ይታያሉ። በምሥራቁ የአገሪቱ ክፍል ለሕመም ማስታገሻ ተብሎ በጋለ ብረት የሚተኮስ ልጅም ያጋጥማል። የመተኮሱ ልማድ ራሱ ጎጂ ስለሆነ ሊቀር ይገባዋል፤ ሆኖም በቅጣት ከማቃጠል ጋር አንድ አይደለም፤ የሚያስፈልገውም መልስ የተለየ ነው።

ከምልክቱ እኩል የሚመዘነው ስለ ምልክቱ የሚነገረው ታሪክ ነው። ጠዋት «ከአልጋ ወደቀ» የተባለው ማታ «ወንድሙ መታው» ከተባለ፣ ጉዳቱ ከተነገረው አደጋ ከከበደ፣ ክንዱ የተሰበረ ልጅ ሁለትና ሦስት ቀን ቤት ተቀምጦ ከቆየ ጤና ባለሙያው ቆም ብሎ ማሰብ አለበት። ሐኪሞች ይህን በግልጽ ማየት የጀመሩት ሩቅ ዘመን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1962 አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ኬምፒና ባልደረቦቹ በተደጋጋሚ ስለሚደበደቡ ሕፃናት የጻፉት ጥናት ታተመ። በራጅ ፊልም ላይ የሚታዩት፣ በተለያየ ጊዜ ተሰብረው የጠገኑ አጥንቶች ወላጆች የማይናገሩትን ታሪክ ይናገራሉ የሚል ነበር መልእክቱ። በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሐኪሞች ጥርጣሬያቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ አወጡ።

ቅጣትና ጥቃት የሚለያዩበት ድንበር ብዙ ያከራክራል። «እኛም ተገርፈን ነው ያደግነው» የሚለው ቃል በየቤቱ አለ። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት ድርጅት ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው ግምት መሠረት በዓለም ላይ ከ5 ዓመት በታች ከሆኑ 10 ሕፃናት 6ቱ፣ ማለትም 400 ሚሊዮን ያህሉ፣ በቤታቸው አካላዊ ቅጣት ወይም የቃል ጥቃት ይደርስባቸዋል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆች በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ከአካላዊ ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ደንግጓል። ቤት ውስጥ ሲደርስ ግን ሕጉ ይለሰልሳል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ልጅን የሚያንገላታ፣ ቸል የሚል፣ ከአቅም በላይ የሚያሠራ ወይም የሚደበድብ አሳዳጊ ከሦስት ወር በማይበልጥ ቀላል እሥራት ይቀጣል ይላል፤ ከባድ ጉዳት ከደረሰ ቅጣቱ ከአንድ ዓመት ይጀምራል፤ የአሳዳጊነት ሥልጣኑም ይነሳል። ያው አንቀጽ ግን ለመልካም አስተዳደግ ሲባል ከሕግ ሳይወጡ የሚወሰድን የቅጣት እርምጃ ነፃ ያደርጋል። ይህ ክፍተት ለደብዳቢ ሰፊ መሸሸጊያ ሆኗል። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ቤት ውስጥም ጭምር ልጅን መምታትን በመከልከል ከዓለም ቀዳሚ ስትሆን ኢትዮጵያ እስካሁን እዚያ አልደረሰችም።

ወሲባዊ ጥቃት አብዛኛውን ጊዜ በገላ ላይ የሚታይ ምልክት አይተውም። ይህን ማወቅ እጅግ አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም «ተመርምራ ምንም አልተገኘባትም» የሚለው ቃል ብዙ ጉዳዮችን አላግባብ ቀብሯል። በሐኪም ተመርምረው የአካል ጉዳት የማይገኝባቸው ጥቃት የደረሰባቸው ልጆች ከሚገኝባቸው ይበልጣሉ፤ የልጅ ገላ ቶሎ ይድናል፣ ብዙ ዓይነት ጥቃትም ከመነሻው ቁስል አያደርስም። ስለዚህ ጥቃቱን ይበልጥ የሚጠቁመው ባሕርይ ነው። አልጋ ማርጠብ ካቆመች በኋላ እንደገና የጀመረች ልጅ፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻዋን ላለመቅረት የምታለቅስ፣ ከዕድሜዋ በላይ የሆነ የወሲብ ዕውቀት በጨዋታዋ የምታሳይ፣ ምንጩ ያልታወቀ ገንዘብ ወይም ስልክ የያዘች፣ ሽንቷን ስትሸና የሚያቃጥላት ልጅ ልትጠየቅ ይገባል። ወንዶች ልጆችም ይጠቃሉ። በእነርሱ ላይ የሚፈጸመውን የሚመለከተው የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 631 ከ13 ዓመት በታች ሲሆኑ እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል፤ ኀፍረቱ ግን ከሴቶቹ በባሰ አፋቸውን ይዘጋቸዋል። አንዱ ምልክት ብቻውን ማስረጃ አይደለም። አልጋ የሚያረጥብ ልጅ ሁሉ ተጠቅቷል ማለት አይቻልም። ለውጡ ድንገተኛ ሲሆንና ምልክቶቹ ሲደራረቡ ግን ዝም ማለት አይገባም።

የሴት ልጅ ግርዛትና ያለዕድሜ ጋብቻ ጉዳይ ራሱን የቻለ ሰፊ ርዕስ ነው። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገሪቱ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 65 በመቶው፣ በድሬዳዋ ደግሞ ሦስት አራተኛ ያህሉ የተገረዙ ሆነው ተገኝተዋል። ሁለቱም ድርጊቶች በወንጀል ያስጠይቃሉ። ለጎረቤት ዓይን የሚታየው ግን ክረምት ላይ ነው፤ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ገጠር «ዘመድ ጥየቃ» የተወሰደች ልጅ መስከረም ሲጠባ ካልተመለሰች የክፍል ኃላፊዋ መጠየቅ አለበት።

ቸልታን ለመለየት ትልቁ አስቸጋሪ ነገር ድህነት ነው። ጫማ የሌለው፣ ልብሱ የነተበ፣ ምሳ ያልያዘ ልጅ ሁሉ ቸል የተባለ አይደለም። ወላጁ ከራሷ ጉሮሮ ነጥላ እያበላችው ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ የሚታየው ሊደረግ የሚቻለው ሲቀር ነው። ክትባት በነፃ በሚሰጥበት ጤና ጣቢያ አጠገብ እየኖረ አንድም ክትባት ያልወሰደ ሕፃን፣ ታናናሾቹ ትምህርት ቤት ሲሄዱ እሱ ብቻ ቤት የሚቀር የእንጀራ ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ በር ተቆልፎበት በድሬዳዋ ሙቀት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚውል ሕፃን የቸልታ ምልክት ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የምትይዘው የክንድ መለኪያ ሜትር እዚህ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ የላይኛው ክንዱ ዙሪያ ከ11 ነጥብ 5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ በከፍተኛ የምግብ እጥረት ተጎድቷል። በዚያው ቤት ሌሎቹ ልጆች ደኅና ሆነው እሱ ብቻ ከሆነ የከሳው ጥያቄው ይለወጣል።

ፈረቃ ስለምትገባ ልጇን ቆልፋ የምትሄድ እናት ፖሊስ ቤት መሄድ የለባትም፤ የሚያስፈልጋት የሕፃናት ማቆያ ነው። በቸልታ ጉዳይ መጀመሪያ የሚመጣው መልስ ድጋፍ ቢሆን ልጁም ቤተሰቡም ይተርፋል። ድጋፍ ተሰጥቶም የማይሻሻል፣ ወይም ሆን ተብሎ የሚደረግ ከሆነ ግን ወላጅ ልጁን ባለማሳደጉ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 659 ይጠየቃል።

የልጅ ጉልበት ብዝበዛ የቸልታና የጥቃት መገናኛ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው 15 ያልሞላን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያሉትም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊሠሩ አይገባም። በከተሞች በብዛት የሚጣሰው ግን በር ተዘግቶ ነው። «ላስተምራት» ተብላ ከገጠር የመጣች የ10 ዓመት ልጅ ከሁሉ ቀድማ ተነስታ ከሁሉ ዘግይታ ትተኛለች። በዘመድነት ስም የምትሠራ ልጅ ደመወዝ የላት፣ ውል የላት፣ ጠያቂ የላት። ውኃ ለመቅዳት ስትወጣ የሚያያት ጎረቤት ብቻ ነው ያላት።

ልጅ ሲናገር አንድ ጊዜ በሙሉ አይናገርም። ፍንጭ ጥሎ የአዋቂውን ፊት ያያል። ለአብነት አንዲት የሦስተኛ ክፍል አስተማሪ ተማሪዋ እጇን ደብቃ ስትጽፍ አይታ ከክፍል ውጭ ለብቻዋ ስታነጋግራት ንግግሩ እንዲህ ሊሄድ ይችላል።

«እጅሽን ምን ሆንሽ፣ የኔ ልጅ?»

«ምንም።»

«እሺ። መናገር ስትፈልጊ እኔ አለሁ።»

«ቲቸር፣ ከነገርኩዎት ለማንም አይናገሩም?»

«ሚስጥር እጠብቃለሁ ብዬ አልዋሽሽም። አንቺን ሊረዱ ለሚችሉ ሰዎች ልነግር እችላለሁ፤ ለሌላ ሰው ግን አላወራም። ሲነገር ደግሞ አንቺም ታውቂያለሽ።»

አስተማሪዋ ያልጠየቀቻቸው ነገሮች ከጠየቀቻቸው ይበልጣሉ። «አባትሽ ነው አይደል የመታሽ?» አላለችም፤ መልሱን አፏ ላይ የሚያስቀምጥ ጥያቄ ኋላ ፍርድ ቤት ሲደርስ ምስክርነቱን ያበላሻል። «እስካሁን ለምን ዝም አልሽ?» ብላም አልጠየቀችም፤ ጥፋቱን ወደ ልጅቷ ይመልሰዋልና። ልጅቷ ከተናገረች «ስለነገርሽኝ ደግ አደረግሽ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» ማለት፣ ዝርዝሩን አለማብዛትና ልጅቷ የተናገረችውን በራሷ ቃል፣ ቀንና ሰዓት አድርጎ መጻፍ ይበቃል። በመልካ ጀብዱ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛና አማርኛ በአንድ ክፍል ይገናኛሉ። ልጅ እንዲህ ያለ ነገር የሚናገረው አፉን በፈታበት ቋንቋ ነው፤ የማያውቅ አስተማሪ የሚያውቅ ባልደረባ ይጥራ እንጂ የልጅቷን ዘመድ አስተርጓሚ አያድርግ።

ጥቆማ የሚሰጥ ሰው ማስረጃ እንዲያቀርብ አይጠበቅበትም። ብዙ ጎረቤት የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ «እርግጠኛ ሳልሆን የሰው ስም አላጠፋም» ይላል። ለሰው ስም መጨነቁ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሥራ ክፍፍሉን ያዛባል። የሚያየው ጎረቤት ይጠረጥራል፤ የሚመረምረው ሐኪም ይመዘግባል፤ የሚያጣራው ፖሊስ ነው፤ የሚወስነው ፍርድ ቤት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው ወንጀሉ ሲፈጸም ባያይም እንኳ የማመልከት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ባለመናገሩ የሚቀጣው ግን በሞት ወይም በዕድሜ ልክ ጽኑ እሥራት የሚያስቀጣ ወንጀል እያወቀ የደበቀ፣ አለዚያም ሕግ ወይም የሙያው ደንብ የማሳወቅ ግዴታ የጣለበት ሰው ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 443 የሚለው ይህንን ነው። ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጣችው የልጆች ሕግ አስተማሪ፣ ነርስ፣ የሃይማኖት አባትና ሌሎችም በቂ ጥርጣሬ ካላቸው እንዲያሳውቁ በስም ዘርዝራ አስገድዳለች። ኢትዮጵያም ግዴታውን እንዲሁ ለይታ ብትደነግግ አስተማሪውና ነርሷ «ማን አድርጎኝ» ከሚለው ጥርጣሬ ይላቀቃሉ።

ጥቆማው የሚሰጠው ለቀበሌው የሴቶችና ሕፃናት ጉዳይ ሠራተኛ፣ ለመልካ ጀብዱ ጤና ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ወይም በቀጥታ ለፖሊስ ነው። ልጁ አሁን አደጋ ላይ ከሆነ፣ ወሲባዊ ጥቃት ከደረሰ፣ ወይም ጉዳቱ ከባድ ከሆነ በመካከል ሰው ሳይጠብቁ ፖሊስና ሕክምና ቀዳሚ ናቸው። በድሬዳዋ ፖሊስ ውስጥ ለልጆች ጉዳይ የተመደቡ ባለሙያዎች ያሉበት የሕፃናት ጥበቃ ክፍል ሥራ ሲደራጅ፣ ቀድሞ የጎዳና ልጆች ፎረም ይባል የነበረው አገር በቀል ድርጅት፣ ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኢ.፣ ብዙ ደክሟል። ሲጠቁሙ የልጁን ስምና ግምታዊ ዕድሜ፣ የሚኖርበትን ቦታ፣ ምን እንደታየና መቼ እንደታየ፣ ተጠርጣሪው ከልጁ ጋር አንድ ቤት ያድር እንደሆነ፣ ሌሎች ልጆች ቤቱ ውስጥ መኖር አለመኖራቸውን መናገር ለሠራተኛው ብዙ ያግዛል።

ከጥቆማ በፊት የሚሠሩ ስሕተቶች ልጁን ይጎዳሉ። ተጠርጣሪውን ሄዶ መገሠጽ ማስረጃ የሚጠፋበትና ልጁ ከሰፈር የሚሸሽበት መንገድ ነው። የልጁን ቁስል በስልክ ቀርጾ ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ መለጠፍም አለ። ቁጣው እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የልጁ ፊት ዕድሜ ልኩን ከዚያ ቀን ጋር ይታሰራል።

ከሁሉ የሚከፋው ሽምግልና ነው። ሽምግልና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ትልቅ ቦታ አለው፤ የደም ጠብ ያበርዳል፣ ትዳር ያስታርቃል። በልጅ ላይ በተፈጸመ መድፈር ግን የአገር ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳ ሲቆርጥ፣ ካሳው ለአባት ወይም ለጎሳ ይሰጣል፤ ልጅቷ የምታገኘው የለም፤ አጥቂውም እዚያው ሰፈር ይኖራል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ለባህልና ለሃይማኖት ዳኝነት በተከራካሪዎች ፈቃድ የፈቀደው የግልና የቤተሰብ ጉዳይን እንጂ ወንጀልን አይደለም። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ደፋሪ ወይም ጠላፊ ተጎጂዋን ካገባ ከክስ የሚያመልጥበት ቀዳዳ ነበረው፤ የ1996ቱ ሕግ ያንን አስቀርቷል። ከ13 ዓመት በታች ካለች ልጅ ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት፣ ከ13 እስከ 18 ከሆናት ጋር የፈጸመ ደግሞ ከ3 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣል። ቤተሰብ ቢታረቅም ዐቃቤ ሕግ ክሱን የመቀጠል ሥልጣን አለው። ይልቅ የመረዳጃ ማኅበራቱ፣ አፎሻውና ዕድሩ፣ በሌላ በኩል ትልቅ አቅም ናቸው። ለቅሶ ደርሰው እያንዳንዱን ቤት የሚያውቁት እነርሱ ናቸው፤ የተጎዳን ልጅ ቤተሰብ ከመገለል መጠበቅ፣ ለሕክምና መጓጓዣ ማዋጣት ይችላሉ።

ወሲባዊ ጥቃት ሲደርስ ጊዜ ይቆጠራል። የኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒት የሚጀመረው በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲጀመር ይሻላል፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ የድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል። ልጁን አለማጠብ፣ የለበሰውን ልብስ አለማጠብ፣ ልብሱ ከተወለቀም በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት መያዝ ያስፈልጋል፤ ላስቲክ ውስጥ እርጥበት ማስረጃውን ያበላሸዋል። ታጥባ ከመጣችም ሕክምናው አይቀርም፤ «ታጥባለች፣ ምን ዋጋ አለው» ብሎ ቤት መቅረት ትልቅ ጥፋት ነው። እርግዝና ከተከተለ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 551 በመድፈር ወይም በሥጋ ዘመድ የተፈጠረን ጽንስ በሕክምና ተቋም ማቋረጥን ይፈቅዳል፤ ለዚህም በአንቀጽ 552 መሠረት የባለጉዳይዋ ቃል በቂ ነው፤ የፍርድ ውሳኔ አይጠበቅም።

በድል ጮራ ሆስፒታል ያለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተቋቋመው ልጅ ከቢሮ ቢሮ እየተንከራተተ ያንኑ ታሪክ ደጋግሞ እንዳያወራ ነው። ሐኪም፣ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና የሥነ ልቦና ወይም የማኅበራዊ ባለሙያ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሠሩ ቃሉ አንድ ጊዜ ይወሰዳል፤ ሕክምናና ማስረጃም አብረው ይሄዳሉ። ተመሳሳይ ማዕከል በአዲስ አበባ ጋንዲ ሆስፒታልና በአዳማም አለ። ከመልካ ጀብዱ ድል ጮራ ለመድረስ ባጃጅ ይበቃል፤ ችግሩ ብዙ ቤተሰብ አገልግሎቱ መኖሩን አለማወቁ ነው።

ፍርድ ቤት ላይ ብዙ ጉዳይ የሚደናቀፈው በዕድሜ ነው። ተጎጂዋ 12 ናት ወይስ 14 የሚለው ልዩነት የቅጣቱን መነሻ ከ13 ዓመት ወደ 3 ዓመት ያወርደዋል። የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች የምስክር ወረቀት የላቸውም፤ ፍርድ ቤቱ በራጅ የአጥንት ምርመራ በሚገኝ ግምት ላይ ይወድቃል፤ ግምቱ ደግሞ በዓመታት ሊሳሳት ይችላል። ሕፃን ሲወለድ የሚያዝ የልደት ሰርተፍኬት ኋላ ልጁን ከአጥቂ የሚከላከል ወረቀት መሆኑን ብዙ ወላጅ አያስበውም። ልጅ ምስክር ሆኖ ሲቀርብም ከተከሳሹ ጋር ፊት ለፊት እንዳይተያይ፣ በተለየ ክፍል ሆኖ ቃሉ በካሜራ ለችሎቱ የሚተላለፍበት አሠራር በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተለምዷል።

ጥቃቱ ከቤት ውስጥ የመጣ ከሆነ ልጁ የት ይደር የሚለው ጥያቄ ከክሱ ይቀድማል። ቢቻል መውጣት ያለበት አጥቂው ነው። ካልሆነ አያት ወይም አክስት ዘንድ፣ ያም ካልተገኘ በአደራ ቤተሰብ ወይም በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይፈለግለታል፤ በ2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻ ስለቀረ የዘመድና የጎረቤት ቤት ድርሻ ጨምሯል። የሕፃናት ማሳደጊያ ተቋም የመጨረሻ አማራጭ ነው። ልጁ ከማን ጋር ይኑር በሚለው ላይ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በጥቅምት 2000 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠው ውሳኔ በሁሉም ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ነው። እናቱ የሞተችበትን ልጅ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች፤ ለዓመታት ያልጠየቀው አባት ልጄን ልውሰድ ብሎ በሥር ፍርድ ቤቶች ረትቶ ነበር። ችሎቱ የአባትነት መብት ብቻውን አይበቃም፤ ሕገ መንግሥቱና ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን የልጁን ጥቅም ያስቀድማሉ ብሎ ልጁ ከአክስቱ ጋር እንዲቆይ ወሰነ።

ጉዳዩ በፖሊስ መዝገብ ላይ ስለተዘጋ የልጁ ጉዳይ አይዘጋም። የቀበሌዋ ማኅበራዊ ሠራተኛ ቤቱን መጎብኘቷን ትቀጥላለች፤ የ28 ቀኑ መድኃኒት ሳይቋረጥ መወሰዱንና የደም ምርመራው ከሦስት ወር በኋላ መደገሙን ትከታተላለች፤ ትምህርት ቤቱም ልጁ ከቀረ ለእሷ ያሳውቃል። በዚያው ቤት ያሉ ታናናሾችም ለብቻቸው ይጠየቃሉ፤ አንድ ልጅ በተጠቃበት ቤት ሌላውም ተጠቅቶ መገኘቱ የተለመደ ነውና።